ጽዋው ሲዞር

ወረታ ላይ ሚኒባሱ ወደ ቀኝ ታጥፎ የደብረ ታቦርን መንገድ ሲይዝ፣ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ስሜን አልጠየቁኝም፤ በዚያ አገር ስም ሁለተኛ ነው። የእናቴን አባት ስም ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እህ! የቄሱ የልጅ ልጅ ነሃ!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከኋላ የተቀመጠች ሴትዮም «እናትህን እኮ አውቃታለሁ» አለች። አለምበር ሳንደርስ የት እንደምሠራ፣ ስንት ልጅ እንዳለኝ፣ ለምን እንደከሳሁ ሁሉ ተጠየቅኩ። የመጨረሻውን በውሸት መለስኩ። «ጨጓራ ነው» አልኩ።

እውነቱ ሌላ ነው። መጠጥ ካቆምኩ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ፊቴ ላይ የነበረው እብጠት ስለወረደ፣ ድሮ ለሚያውቀኝ ሰው የከሳሁ እመስላለሁ። ይህን ግን ለአንድ ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ እንዴት አድርገው ይናገሩታል?

ጊዜው ኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። ፎገራ ሩዙን ያጭዳል። አክስቴ ደውላ «የሚካኤል ማኅበር በዚህ ወር የኔ ተራ ነው፤ እናትህ ብትኖር አትቀርም ነበር፤ አንተ ና» አለችኝ። እናቴን ከጠራችብኝ እምቢ ማለት የለም። ግን ማኅበር ማለት ጽዋ የሚዞርበት ቤት ነው፤ ጽዋው ውስጥ ያለው ደግሞ ጠላ ነው። የአክስቴ ጠላ።

አዲስ አበባ ውስጥ ስብሰባ አለኝ። ስብሰባ ስል የቀበሌ አይደለም። አሥር የማይሞሉ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ ፔርሙስ ቡና፣ የሚዘጋ በር። ሰው በተራ ስሙን ብቻ ይናገራል፤ የአባት ስም አይጠራም። «የአልኮል ሱሰኛ ነኝ» ይላል፤ ሌሎቹ ሰላም ይሉታል፤ የሆነውን ያወራል፤ ሲጨርስ ያመሰግኑታል። አይመክሩትም። ለእኔ የከበደኝም የጠቀመኝም ይሄ የመጨረሻው ነው። እኛ አገር ሳይመከር የሚደመጥ ሰው የለማ። ማኅበሩ በዓለም አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ይባላል፤ እኛ ኤ.ኤ. እንለዋለን። አኖኒመስ ማለት ስሙ ያልተገለጸ ማለት ነው። መዋጮ እንጂ ክፍያ የለውም፤ አባል ለመሆን የሚጠየቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማቆም መፈለግ።

ከመነሳቴ በፊት ለስፖንሰሬ ደወልኩለት። ስፖንሰር የሚለውን ቃል የምናውቀው ከኳስ ማሊያ ነው፤ በእኛ ቤት ግን ቀድሞህ ያቆመና በሌሊት ስትደውልለት ስልኩን የሚያነሳ ሰው ማለት ነው። «ደብረ ታቦር እንደደረስክ ስብሰባ ፈልግ» አለኝ። «ካጣሁስ?» «ካጣህ አንድ ሰው ፈልግ።»

የወረታ መንገድ ሽቅብ ነው። ከአለምበር አካባቢ ወደ አውራምባ የሚያስገባውን መንገድ አለፍን። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ያ መንደር ብዙ ነገሩ ይወራለታል፤ ሴቱ እንደሚያርስ፣ ወንዱ እንደሚፈትል፣ አረጋዊ እንደሚጦር። ያን ቀን እኔን ያሳሰበኝ ሌላው ነገሩ ነበር፦ አልኮል አይጠመቅበትም፣ አይጠጣበትም። «ውረድና እዚያው እደር» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አዛውንቱ ግን የቄሱን የልጅ ልጅ መንገድ ላይ ጥለው የሚሄዱ አልነበሩም።

ደብረ ታቦር ብርዷ ደግ አይደለም። ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ ከኋላዋ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው ጉና አለ፤ ማታ ከዚያ የሚወርደው ነፋስ ጋቢ ያልፋል። ለሞቅታ የሚጠጣ ሰው ሰበብ አያጣም። ከተማዋ ስሟን የወሰደችው ጌታ ብርሃነ መለኮቱን ከገለጠበት ተራራ ስለሆነ ነሐሴ 13፣ ቡሄ፣ የአገሩ ሁሉ በዓል ቢሆንም ለእሷ የስም በዓልም ነው። ራስ ጉግሣ ቆረቆሯት፤ አፄ ቴዎድሮስ ከተሙባት። ልጅ ሆኜ ክረምት ለቡሄ ስመጣ ችቦውንና ሙልሙሉን ነበር የማየው። በዚህ ጉዞ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ሰው ሲያቆም ከተማው የሚሞላው መጠጥ ቤት ብቻ ይመስለዋል።

ከአክስቴ ቤት እስከ አውቶቡስ መናኸሪያ ስሄድ ቆጠርኩ። በር ላይ እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ጣሳ ከተደፋበት ጠላ ቤት ነው። በር ላይ ጣሳ ሳይኖር ጎንበስ ብለው የሚገቡ ወንዶች ካሉ አረቄ ቤት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ2011 መሆኑ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 1112 ወጥቶ የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ተነስቶ ነበር፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ መሸጥም ተከልክሏል። ጥሩ አዋጅ ነው። የተደፋውን ጣሳ ግን የሚያነሳው አዋጅ ገና አልተጻፈም።

በማግሥቱ፣ ሐሙስ፣ ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ ወደ ጋፋት ነው የሄድኩት፤ ፍለጋውን ለማዘግየት እንጂ እዚያ ስብሰባ ይኖራል ብዬ አይደለም። የቴዎድሮስ ፈረንጆች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያቀለጡበት ቦታ ነው። መድፉ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል ይባላል፤ ከዚህ እስከ መቅደላ ገደል ለገደል ሲጎተት ወራት ፈጅቷል። ያን ሁሉ ብረት የጎተቱት ሰዎች ልጅ ነኝ፤ ከአረቄ ቤት በር ላይ የገዛ እግሬን መጎተት ግን አቅቶኝ ያውቃል።

ከሰዓት አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ወጣቱ ፋርማሲስት ሌላ ሰው እስኪወጣ ጠበቀልኝ። «መጠጥ ለሚያቆሙ ሰዎች የሚደረግ ስብሰባ፣ ውይይት ምናምን፣ እዚህ ከተማ አለ?» አልኩት።

«ለማን ነው?»

«ለጓደኛዬ።»

ፈገግ አለ። ይህን ጓደኛ የማያውቅ ፋርማሲስት የለም። «ስብሰባ እንኳ አልሰማሁም» አለና የአእምሮ ጤና ነርስ የሆነች ዘመዱን ስልክ ሰጠኝ።

አንድ ሻይ ቤት ተገናኘን። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች፤ ለእኔ ብላ መሆኑ ገባኝ። ከእሷ ጋር መታየት ራሱ ወሬ ነው። «እዚህ ማንም ለመጠጥ ብሎ ሕክምና አይመጣም» አለችኝ። «ወድቆ ተሰብሮ ይመጣል። ሆዱ ተነፍቶ ይመጣል። ወይ ሚስቱ በዘመድ አሲዛ ታመጣዋለች። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ሌላ ነው።» ከዚያ ሻይዋን አስቀምጣ፣ ብዙ ጊዜ ተናግራው የሰለቻት የሚመስል ነገር ግን ደግማ ከመናገር የማትቦዝንበትን ነገር ነገረችኝ። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ቁርጥ ሲያደርግ፣ የመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ የለውም። እስከ ሁለተኛው ቀን አንዳንዱን ያንዘፈዝፈውና ይጥለዋል። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን የሌለ ነገር የሚያይ፣ ከሌለ ሰው ጋር የሚነጋገር አለ። ይሄ ይገድላል። «ቤተሰቡ ግን ሰይጣኑ ሊለቀው ነው ብሎ አስሮ ያስቀምጠዋል። እኔ ጠበል አትሂዱ አልልም፤ እኔም እሄዳለሁ። ግን መጀመሪያ እኛ ጋ ያምጡት። ዲያዜፓም አለ፣ ቫይታሚን ቢ1 አለ፤ በጥቂት ቀን ያልፋል። ከዚያ ጠበሉም ይደርሳል።»

«ካለፈለት በኋላስ?»

«ከዚያማ ወደ ጓደኞቹ ይመለሳል» አለች። «ጓደኞቹ ደግሞ አረቄ ቤት ናቸው።»

ስለ ወንበሮቹ፣ ስለ ፔርሙሱ፣ በተራ ስለ መናገሩ ነገርኳት። ትኩር ብላ ሰማችኝ። «በየወሩ ነው?» «በየሳምንቱ። ከዚያም በላይ የሚገናኙ አሉ።» «የቀረ ሰው ይጠየቃል?» «ይደወልለታል።» «ቤት ለቤት ነው?» «እንደ አመቺነቱ።» ሳቀች።

«ማኅበር ነዋ! ያለ ጠላ ማኅበር!»

ይህች ሴት ከሦስት መቶ ገጽ መጽሐፍ የበለጠ ነገር ነገረችኝ። በመጋቢት ወር ለንባብ የበቃው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምረው የኮክሬን ተቋም ግምገማ 27 ጥናቶችን፣ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን ፈትሾ፣ ሙሉ በሙሉ ከመጠጥ በመራቅ ረገድ የኤ.ኤ. መንገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች እንደማያንስ፣ አንዳንዴም እንደሚበልጥ ያሳየው ከዚያ ሐሙስ አራት ወር ገደማ በኋላ ነው። ሳነበው ያስታወስኩት የነርሷን ሳቅ ነው።

እስኪ እናስበው። ጽዋ ማኅበር ብዙ ጊዜ አሥራ ሁለት ሰው ነው፤ በሐዋርያቱ ቁጥር። አንድ ሙሴ አለው፤ ይመራል እንጂ አያዝም። በወር አንድ ቀን በቅዱሱ ስም በተረኛው ቤት ይሰበሰባል። የተጣላ ካለ ሳይታረቅ ዳቦው አይቆረስም። የቀረ ይቀጣል፤ ምክንያት ካለው ይጠየቃል፤ የታመመ ይጎበኛል፤ የሞተ ይቀበራል፤ ልጆቹ ይታያሉ። የሚነገረው ከዚያ ቤት አይወጣም፤ ቢያንስ መውጣት የለበትም። አሜሪካኖች ይህን ነገር ፈልገው አሥራ ሁለት እርምጃ ብለው በመጽሐፍ እስኪያወጡት 1939 እ.ኤ.አ. ደርሷል። እኛ አገር የጎደለው ስብሰባው አልነበረም። የጎደለው ሌላ ነገር በጽዋው መሙላት ነው። ሌላም አንድ ችግር አለ፤ እሱን አልሸሽገውም። ስም መደበቅ የሚባል ነገር ደብረ ታቦር ላይ አይሠራም። የኔን የአያት ስም ሚኒባሱ ሁሉ ያውቃል። በአዲስ አበባ ስሜን ይዤ የአባቴን ስም ትቼ እቀመጣለሁ፤ እዚህ ስሜን እንኳ ሳልናገር የአያቴ ስም ቀድሞኝ ወንበር ይይዛል።

ያን ሌሊት አክስቴ ጓዳ አጠገብ መኝታ አነጠፈችልኝ። ግድግዳው ወዲያ ጋኑ አለ። ጋኑን በወይራ አጥና፣ ጌሾውን ጠንስሳ፣ አሻሮውን ጨምራ፣ ድፍድፉን በውኃ በጥብጣ አሳድራለች፤ ጉሹ፣ የወይራው ጢስ፣ የጌሾው ምሬት ከበሩ ሥር እየገባ ይሸተኛል። ጠላ ሲብላላ የሚሰማ ድምፅ አለው። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ሳላስጠጋ ይሰማኛል። ስፖንሰሬ ደጋግሞ የሚነግረኝን የጉዞ ታሪክ ለራሴ ተረኩት። ግንቦት 3 ቀን 1927 ዓ.ም. ቢል የሚባል የኒው ዮርክ ሰው፣ ካቆመ ገና አምስት ወሩ፣ ለሥራ አክሮን የምትባል ከተማ ሄዶ ሥራው ከሽፎበት ሆቴል ውስጥ ቀርቷል። በአዳራሹ አንድ ወገን መጠጥ ቤቱ ይንጫጫል፤ በሌላው ወገን የስልክ ቤት አለ። ወደ ስልኩ ሄደ። ለቀሳውስት ደወለ። የጠየቀው «እርዱኝ» ብሎ አይደለም፤ «ሌላ ሰካራም ታውቃላችሁ ወይ?» ብሎ ነው። አንድ ሐኪም አገናኙት። ሐኪሙ ለሩብ ሰዓት ብቻ ብሎ የተቀመጠውን ሰዓታት ተጫወቱ። ሐኪሙ የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣው ሰኔ 3 ነው፤ ኤ.ኤ. ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ነው። እኛ ወልወል ላይ ከጣሊያን ጋር በተፋጠጥንበት ዓመት ማለት ነው።

ታሪኩን እንደ ጸሎት አነበነብኩት እንጂ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ኅዳር 12 ዓርብ ዋለ። አዲስ አበባ ቢሆን ሰው ቆሻሻውን ጠርጎ የሚያቃጥልበት ቀን ነው፤ የ1911ዱ የኅዳር በሽታ ትዝታ። እዚህ የታጠነው ጋኑ ብቻ ነው። ዓርብ በመሆኑ ወጡ የጾም ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፤ ቅዳሴ የወጣው ከሰዓት ስለሆነ ሰው ርቦት ገባ። ቄጤማ ተነስንሷል። ቄሱ ጸለዩ፤ ዳቦው ተቆረሰ። ሙሴው ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ነጭ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ ሽማግሌ ናቸው። ጽዋውን ከጨርቁ አወጡት። ሞላ። መዞር ጀመረ።

የተቀመጥኩት ወደ ጥግ ነው፤ ስድስት ሰው ይቀድመኛል። አምስት። አራት። የጽዋው ጠርዝ ላይ የቀረ የሰው ከንፈር እርጥበት እስኪታየኝ ድረስ ቀረበ። ከእኔ በፊት ከነበሩት ሰዎች አንዱ፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ሰፊ መዳፍ ያለው ሰው፣ ጽዋው ሊደርሰው ሲል «ይቅርታ፣ ውጭ ልደርስ» ብሎ ተነስቶ ወጣ። ሰው አልደነቀውም። ጽዋው አልፎት መጣ።

«መድኃኒት ላይ ነኝ» አልኩ።

አክስቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «በሞቴ! ፉት በል! አፈር ስሆን! ጠላ ምን ያደርጋል፣ መድኃኒቱ ራሱ ከጠላ አይብስም እንዴ?» ሴቶቹ ሳቁ። «በኅዳር ሚካኤል!» አለች አንዷ። «የአክስቱ ተራ ነው እኮ!» አለች ሌላዋ። ቄሱም በቀና ልብ «ልጄ፣ ከንፈርህን ብቻ አስነካ፤ በረከት ነው» አሉኝ።

ምን እንደምል አልተዘጋጀሁም። «አባ፣ ከንፈሬን ካስነካሁት አላቆምም» አልኩ።

ይህን ቃል በወንበሮቹ መካከል ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። እዚህ ግን የአያቴን ስም በሚያውቅ ቤት ነው ያልኩት። ቤቱ ጸጥ አለ። አክስቴ የያዘችውን ጣሳ ወደ ደረቷ አስጠጋች፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ አይደለም፤ እፍረት ነው፤ የእኔ ይሁን የእሷ አላውቅም። ሙሴው ጋቢያቸውን ከአገጫቸው ዝቅ አደረጉ።

«ተውት» አሉ። «ውኃ አምጡለት።»

ውኃው በጣሳ መጣ። ቄሱ በመስቀላቸው ባረኩት፤ ከዚያ ወዲያ ጠበል ነው። ጠጣሁት። ጽዋው ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌዎቹ የአለቃ ገብረ ሃናን ጨዋታ አነሱ፤ አለቃ የፎገራ ሰው ናቸው፣ የዚህ አገር ጨዋታ ያለ እሳቸው አይሟሟቅም። እኔ ግን እግሬ እየተንቀጠቀጠ ወጣሁ።

ያ ሰፊ መዳፍ ያለው ሰው አጥሩ ጥግ ቆሟል። ከእኔ በፊት እዚያ የቆመበት ምክንያት የገባኝ አሁን ነው።

«እንዴት አቆምክ?» አለኝ። ሰላምታም አልቀደመ።

ነገርኩት። እሱም ነገረኝ። አናጢ ነው። ሦስት ጊዜ በንስሐ አባቱ ፊት ተገዝቷል፤ ሁለቱን ጥሷል። የመጀመሪያው ግዝት ለፋሲካ ነበር፤ በዳግማይ ትንሣኤ ፈረሰ። ሁለተኛው በልጁ ስም ነበር፤ የፈረሰበትን ቀን አልነገረኝም፣ አልጠየቅኩትምም። ሦስተኛው ከፍልሰታ ወዲህ ነው፤ ሦስት ወር። «የምጠጣበት ቀን እንደሆነ ተገዝቼ ነው የምጠጣው» አለ። «ግዝቱ ማቆሙን አይደለም የከለከለኝ፤ ከጣስኩ ወዲያ ወደ አባ መመለሱን ነው። ፈርቼ ቀረሁ። ፈርቼ ስቀር ደግሞ ጠጣሁ።»

«ዛሬስ?»

«ጽዋው ሊደርሰኝ ሲል እወጣለሁ። ማኅበርተኛው ሁሉ የሽንት በሽታ ያለብኝ ይመስለዋል። አንዱ ሻንጣ ሙሉ ቅጠል አምጥቶልኝ ያውቃል።»

እኔ ጨጓራ፣ እሱ ሽንት። ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ቆመን መሸ። ከውስጥ የሚጠራን ሰው ነበር፤ አልገባንም።

በማግሥቱ ቅዳሜ ጠዋት ለቡና ቤቱ ጠራኝ። እዚያ ያየሁትን በአዲስ አበባ ላሉ ጓደኞቼ ብነግራቸው አያምኑኝም። ግቢው ውስጥ ምድጃ ላይ ትልቅ እንስራ ተጥዷል፤ አፉ በጭቃና በእበት ተለስኗል፤ ከአፉ የወጣው ቧንቧ በውኃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ አልፎ ጠርሙስ አፍ ላይ ያልቃል። ጠብ፣ ጠብ። ሚስቱ አረቄ አውጪ ናት። ሦስቱ ልጆች የሚማሩት በዚህ ጠብታ ነው። በቀደሙት ዓመታት ባሏ ጠርሙስ ይሰርቃት ነበር፤ አሁን ራሱ ውኃውን ይለውጥላታል። «እሱ ሲጠጣው ኪሳራ ነበር» አለችኝ ቆሎ እያቀረበች፤ «አሁን ትርፍ ነው»። ለማዘንም ለመሳቅም አልተመቸኝም። አረቄው ይቁም ብሎ መፍረድ ለኔ ቀላል ነው፤ የሦስት ልጅ ደብተር የምገዛው እኔ አይደለሁምና። አቦሉ ተቀዳ። እኔ ስለ ራሴ ተናገርኩ፤ እሱ ዝም ብሎ ሰማኝ። ቶናው ተቀዳ። እሱ ተናገረ፤ ሌሊት ሚስቱን በር ዘግቶባት ብርድ ላይ ያሳደራትን ቀን ተናገረ፤ እኔ ዝም ብዬ ሰማሁት። መምከር አማረኝ፤ ምላሴን ነከስኩ። በረካው ሊቀዳ ሲል ሚስቱ ጀበናውን አስቀመጠች።

«እኔስ?» አለች። «እኔ የምናገረው የለኝም?»

ለጠጪ ሚስቶችና ዘመዶች የተለየ ማኅበር አለ፤ አል-አኖን ይባላል፤ በ1951 እ.ኤ.አ. ከመሠረቱት አንዷ የዚያ የአክሮኑ ቢል ሚስት ሎይስ ናት። ይህን አውቀዋለሁ። ያን ጠዋት ግን ዕውቀቴ ምንም አልረባኝም። ሴትየዋ ተናገረች፤ ምን እንዳለች እዚህ አልጽፍም፤ የተነገረው እዚያው መቅረት አለበት። ቡናው በጀበናው ውስጥ ቀዘቀዘ፤ ጠርሙሱ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ማንም አልተነሳም።

እሁድ ተመለስኩ። አክስቴ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ፤ ጠላውን አላነሳችብኝም። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ አንድ ላስቲክ ጠርሙስ አቀበለችኝ። ደንግጬ አሸተትኩት። ቀሪቦ ነበር፤ ከእስላም ጎረቤቷ ቤት ሄዳ ያስጠመቀችው። «ይሄስ ያማል?» አለችኝ። አይ፣ ይሄ አያምም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልበለው። በመጋቢት ኮሮና መጣና ስብሰባችን ወደ ስልክ ገባ። ክፋቱ ለእኛ ነበር፤ ለአናጢው ግን በር ከፈተለት። የእህቱን ልጅ ስልክ እየተዋሰ እሁድ እሁድ ይገባ ነበር፤ ካሜራውን አይከፍትም፣ ድምፁን ግን እናውቀዋለን። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ንፋስ መውጫን አልፎ የመድፍ ድምፁ ከተማዋ ድረስ ሲደርስ «ዛሬ አልጠጣሁም» ብሎ ብቻ ስልኩን ዘጋብን። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ስብሰባው ተቋረጠበት። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ አለቀለት ብዬ ነበር።

አላለቀለትም። መስመር ሲገኝ በተራ ስልክ እንደነገረኝ፣ የሚሰማው ሰው ሲያጣ ወደ ሙሴው ሄዶ የሽንቱን ነገር እውነቱን ነገራቸው። ሽማግሌው የሰፈሩን ሰው ያውቃሉ፤ በተለይ ማን እንደሚንቀጠቀጥ ያውቃሉ። ሁለት ሰው ላኩለት። አንዱን፣ በአንዴ ማቆሙ ስለሚያሰጋ፣ መጀመሪያ ወደዚያች ነርስ ወሰደው። ስም የለውም ቤቱ፤ ስብሰባም አይሉትም። «ቡና እንጠጣ» ነው የሚባለው፤ ሦስተኛው ሲጠጣ ይበተናሉ።

ባለፈው መስከረም ስደውልለት አራት ሆነዋል። ለእሁዱ ቡና የሚመጡት ከቅዳሴ በኋላ ነው። ሚስቱ አረቄ ማውጣቱን አልተወችም፤ ቡናውንም የምታፈላው እሷ ናት።